በጀት ጸደቀ ማለት ወጪ ተፈቀደ ማለት ነው? በደንብ ስለሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ ተረትና እውነታ

የዓመቱ በጀት ሲጸድቅ አገር ያያል። ሚኒስትሩ ማብራሪያ ይሰጣል፣ አባላት ይጠይቃሉ፣ እጅ ይወጣል፣ ማታ በዜና ይነገራል። ያ ገንዘብ ለማን፣ ስንት፣ በምን መስፈርት እንደሚከፈል የሚወስኑት ደንቦችና መመሪያዎች ግን በዓመቱ ውስጥ አንድ በአንድ፣ በጸጥታ ይወጣሉ። ከሚመለከታቸው ባለሙያዎች በቀር የሚያነባቸው ጥቂት ነው።

ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን በከፊል ለሚኒስትር ወይም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲያስተላልፍ የሚወጣው ሕግ የውክልና ሕግ ይባላል። ደንብም መመሪያም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ውክልናው ራሱ ክፋት የለውም፤ ፓርላማ የእያንዳንዱን ክፍያ ዝርዝር ቁጭ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ችግሩ የሚመጣው በውክልና የወጣው ሕግ ገንዘብ ሲያወጣና ወካዩ ምክር ቤት የት እንደደረሰ ሳይከታተል ሲቀር ነው።

ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ አውስትራሊያ ይናገራል። በዚያ አገር ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል፣ በሴኔት ክርክር ተደርጎበታል፣ በገንዘብም ተለክቷል። እዚያ ለሚኖሩ፣ ግብር ለሚከፍሉና ለሚመርጡ ወገኖቻችን ጉዳዩ የቀን ተቀን ነው። አገር ቤት ላለውም አንባቢ ምን እንደሚነግረው በመጨረሻ እናያለን። የአውስትራሊያ ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም የአውስትራሊያ ዶላር ነው።

ተረት 1፦ «በጀቱ ከጸደቀ ወጪው ተፈቅዷል ማለት ነው»

እውነታው፦ ገንዘብ ከግምጃ ቤት እንዲወጣ መፈቀዱ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡን ለአንድ ጉዳይ ለማዋል ሥልጣን መኖሩ ሌላ ነገር ነው።

የእድር ጠቅላላ ጉባኤ ለዓመቱ ገንዘብ መደበ እንበል። ዳኛው በዚያ ገንዘብ ሱቅ ልክፈትበት ቢል አባላቱ የሚያነሱት ጥያቄ «ገንዘቡ ተመድቧል ወይ?» የሚል አይሆንም። «መተዳደሪያ ደንባችን ሱቅ እንድትከፍት ይፈቅድልሃል ወይ?» ብለው ነው የሚይዙት። በመንግሥት ደረጃም ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከ1901 ጀምሮ የሚሠራው የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 በሕግ ካልተደለደለ በቀር ከፌዴራሉ ግምጃ ቤት ገንዘብ አይወጣም ይላል። የፌዴራሉ መንግሥት ለረጅም ዘመን ይህን አንቀጽ በራሱ መንገድ ሲያነብ ኖሯል፤ ፓርላማው ገንዘቡን ከደለደለ የማውጣት ሥልጣንም አብሮ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ይህ እምነት በ2009 ተናጋ። በዓለም አቀፉ የገንዘብ ቀውስ ወቅት መንግሥት ለግብር ከፋዮች እስከ 900 ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ሊከፍል ሲነሳ ፔፕ የሚባል አንድ የሕግ መምህር ሥልጣን የለህም ብሎ ከሰሰው። ሃይ ኮርት የሚባለው የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ክፍያውን አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ አጸናው፤ ከፔፕ መዝገብ የቀረው ትልቅ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ስለ በጀት ድልድል የሚናገሩት የሕገ መንግሥቱ አንቀጾች የማውጣት ሥልጣን አይሰጡም፤ ሥልጣኑ ከሌላ ቦታ መገኘት አለበት ተባለ።

ይህ መርሕ ከሦስት ዓመት በኋላ ጥርስ አወጣ። መንግሥት በትምህርት ቤቶች ለሚሠሩ ቻፕሌን ለሚባሉ መንፈሳዊ አማካሪዎች የሚከፍለው ያለ አንዳች አዋጅ፣ ከአንድ የሃይማኖት ድርጅት ጋር በተፈራረመው ውል ብቻ ነበር። በኩዊንስላንድ ልጆቹን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ዊሊያምስ የሚባል አንድ አባት ይህን ተቃውሞ ከሰሰ። ሰኔ 20 ቀን 2012 ፍርድ ቤቱ ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ የአባትየውን ክርክር ተቀበለ። በጀት ነበረ፤ ውል ነበረ፤ ወጪውን የሚፈቅድ ሕግ ግን አልነበረም።

ተረት 2፦ «ከፍርዱ በኋላ መንግሥት ለእያንዳንዱ ወጪ አዋጅ ማቅረብ ጀመረ»

እውነታው፦ ፓርላማው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያንን ሥልጣን ለአስፈጻሚው በጅምላ አሳልፎ ሰጠ።

የዊሊያምስ ፍርድ በብዙ መቶ ሌሎች ፕሮግራሞች ላይም ጥላ አጠላ፤ እነሱም ልክ እንደዚያው ያለ አዋጅ ይከፈልባቸው ነበር። መንግሥት ሰኔ 26 ረቂቅ አቀረበ፣ በማግሥቱ ረቂቁ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ነበር። አዲሱ ሕግ አንቀጽ 32ቢ የሚባል ድንጋጌ አስገባ፤ ትርጉሙም አጭር ነው፦ አንድ ፕሮግራም በደንብ ዝርዝር ውስጥ ከገባ መንግሥት ገንዘብ ሊያወጣበት ይችላል። ወዲያው ከ400 በላይ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ ሰፈሩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፕሮግራም ሲታሰብ በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።

ፍርድ ቤቱ ያስጠበቀውን መብት ፓርላማው በፈቃዱ መልሶ ሰጠው ማለት ነው። ፍርዱ «ተወካዮች ይጠየቁ» ሲል፣ ተወካዮቹ «ሚኒስትሩ ዝርዝሩን ይሙላው» አሉ። የአንድ ሳምንት ጥድፊያ ለዓመታት የሚዘልቅ አሠራር ተከለ።

በ2014 ሁለተኛው የዊሊያምስ መዝገብ ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ የአንቀጽ 32ቢን አጠቃላይ ሕልውና አልነካም፤ ነገር ግን ፌዴራሉ መንግሥት በሕገ መንግሥቱ በተሰጡት ጉዳዮች ላይ ካልሆነ በደንብ ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻውን ወጪን ሕጋዊ አያደርግም አለ። የቻፕሌኖቹ ክፍያ እንደገና ወደቀ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ገንዘቡን በአንቀጽ 96 በኩል ለክልሎች በሚሰጥ ድጎማ አሻግሮ ፕሮግራሙን አስቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ በዝርዝሩ ላይ አዲስ መስመር ሲጨመር የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ይህ ነው፦ ከሕገ መንግሥቱ የትኛው አንቀጽ ነው ይህን ወጪ የሚሸከመው?

ተረት 3፦ «በደንብ የሚወሰነው ጥቃቅን ነገር ነው፤ ትልቁ ገንዘብ በአዋጅ ነው የሚያልፈው»

እውነታው፦ በቅርቡ ታሪክ ከታዩት ግዙፍ ወጪዎች አንዱ ዝርዝሩ ሁሉ የተወሰነው አንድ ሚኒስትር በፈረመው ደንብ ነው።

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ፓርላማው ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ለአንድ ቀን ተሰብስቦ ጆብኪፐር የሚባለውን የደመወዝ ድጎማ ማዕቀፍ አጸደቀ። አዋጁ ራሱ አጭር ነበር፤ ለግምጃ ቤት ሚኒስትሩ ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠ። ደንቡ በማግሥቱ ወጣ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው 1,500 ዶላር፣ የድርጅቱ ገቢ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት፣ ማን ሠራተኛ እንደሚባል፣ ማን እንደሚገለል ሁሉ የተጻፈው በደንቡ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ 130 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው ፕሮግራም በመጨረሻ ወደ 89 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት።

ጥቃቅን የሚባለው ዝርዝር በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ መስፈርት ይበቃል። ደንቡ ከኒውዚላንድ ዜጎች ልዩ ቪዛ በቀር በጊዜያዊ ቪዛ የሚሠሩ ሰዎችን አስቀርቷል። በሜልቦርንም ሆነ በፐርዝ በአንድ ሬስቶራንት አብረው ያገለግሉ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች አንዱ ቋሚ መኖሪያ ስላለው ደመወዙ ተጠበቀለት፤ ሌላው ጊዜያዊ ቪዛ ስለያዘ ባዶ እጁን ቀረ። ይህ መስመር በሁለቱ ምክር ቤቶች በአንቀጽ ደረጃ ተከራክረውበት የወጣ አይደለም፤ ከሚኒስትሩ ቢሮ የወጣ ነው። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቆየን። መሠረታዊው ነጥብ እንዲህ ያለ ውሳኔ በሕዝብ ፊት፣ በተመረጡ ሰዎች አንደበት መከራከሪያ ሊሆን ይገባ ነበር የሚለው ነው።

አስቸኳይ ጊዜ ነበር የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነትም ነበር። ደንብ ፈጥኖ መውጣቱና ፈጥኖ መታረሙ ብዙ ቤተሰብ አድኗል። ግን አስቸኳይነት ደንቡን ቀድሞ ለማውጣት ምክንያት ይሆናል እንጂ በኋላ ላለመመርመር ምክንያት አይሆንም።

ተረት 4፦ «ደንብ አንዴ ከወጣ ፓርላማ ምንም ሊያደርግ አይችልም»

እውነታው፦ ሊሽረው ይችላል፤ ያውም ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ ብቻውን።

በ2003 የወጣው የአውስትራሊያ የሕግ ሰነዶች አዋጅ ሥርዓቱን በግልጽ አስቀምጧል። ደንብ ከተመዘገበ በኋላ በስድስት የስብሰባ ቀናት ውስጥ ለሁለቱም ምክር ቤቶች መቅረብ አለበት፤ ካልቀረበ ውጤቱ ይቋረጣል። ከቀረበ በኋላ ማንኛውም የምክር ቤት አባል በ15 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ይሻርልኝ የሚል ማስታወቂያ ማስገባት ይችላል። ማስታወቂያው ከገባ በኋላ ምክር ቤቱ በሌላ 15 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ደንቡ በራሱ ይሻራል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ትልቅ ጥበብ አለው፤ መንግሥት ጉዳዩን በማጓተት ማምለጥ አይችልም። በተጨማሪም የተሻረ ደንብ በይዘቱ ያው ሆኖ በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ ሊወጣ አይችልም።

ሥልጣኑ በተግባርም ውሏል። አሬና የሚባለው የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ በአዋጅ የተቋቋመው ታዳሽ ኃይልን በገንዘብ እንዲደግፍ ነው። በ2021 መንግሥት ኤጀንሲው እንደ ካርቦን ማጠራቀሚያ ላሉ ሌሎች ቴክኖሎጂዎችም ገንዘብ እንዲያወጣ በደንብ ሥልጣኑን አሰፋ። ሰኔ 22 ቀን 2021 ሴኔቱ ያንን ደንብ ሻረ። መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ሌላ ደንብ ይዞ መመለሱም መታወስ አለበት። አንድ ጊዜ መሻር ጉዳዩን አይዘጋም፤ የሚመለሰውን ደንብ ደግሞ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ሥልጣኑ ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ቀኑ የሚቆጠረው በስብሰባ ቀን ነው። ፓርላማ ለእረፍት ከተበተነ 15 የስብሰባ ቀን ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ደንቡ ግን ከተመዘገበ ጀምሮ ገንዘብ እያወጣ ይቆያል። ሁለተኛ፣ መሻር ወደ ኋላ አይሠራም። የተከፈለው ተከፍሏል፤ የተፈረመው ውል ተፈርሟል። ስለዚህ በወጪ ጉዳይ የዘገየ ቁጥጥር ግማሽ ቁጥጥር ነው።

ተረት 5፦ «እንግዲያው ገንዘብ የሚያወጣ ደንብ ሁሉ በፓርላማ ሊሻር ይችላል»

እውነታው፦ ከመሻር ነጻ የተደረጉ አሉ፤ ከእነሱም አንዱ በቀጥታ ከግምጃ ቤት ገንዘብ ይመዛል።

በየዓመቱ የበጀት አዋጅ ውስጥ ለፋይናንስ ሚኒስትሩ የሚሰጥ ቅድሚያ ገንዘብ አለ። ሚኒስትሩ አስቸኳይ የሆነና በጀቱ ሲዘጋጅ ያልታሰበ ወጪ ሲገጥመው በውሳኔ ሰነድ በጀቱን ሊጨምር ይችላል። ሰነዱ የሕግ ሰነድ ነው፤ ይመዘገባል፣ ይታያል። የበጀት አዋጁ ራሱ ግን የመሻር ድንጋጌ በዚህ ሰነድ ላይ አይሠራም ይላል። ፓርላማው ሰነዱን ማንበብ ይችላል፤ መሻር አይችልም።

በ2017 ይህ ቀዳዳ የአገር ክርክር ሆነ። መንግሥት በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ ላይ የሕዝብን አስተያየት በድምፅ ለመጠየቅ ያቀረበውን ረቂቅ ሴኔቱ በ2016 ሳይቀበለው ቀርቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ያለ አዲስ አዋጅ በስታትስቲክስ ቢሮው በኩል በፖስታ የሚካሄድ መጠይቅ ወሰነ፤ ለዚህም የፋይናንስ ሚኒስትሩ ከዚያ ዓመት 295 ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ገንዘብ ላይ 122 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ተቃዋሚዎች ወጪው አስቸኳይም ያልታሰበም አይደለም ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ መስከረም 7 ቀን 2017 ክሱን በሙሉ ድምፅ ጣለው፤ መስፈርቱ መሟላቱን የሚያየው ሚኒስትሩ ነው፣ እሱም ሥልጣኑን በአግባቡ ተጠቅሟል በማለት።

አንባቢ በጋብቻው ጉዳይ የያዘው አቋም ምንም ይሁን፣ የገንዘቡ መንገድ ሊያሳስበው ይገባል። አንዱ ምክር ቤት እምቢ ያለው ጉዳይ ምክር ቤቱ ሊሽረው በማይችለው ሰነድ ገንዘብ አገኘ። ዛሬ በምትደግፈው ጉዳይ የተከፈተ በር ነገ ለምትቃወመውም ክፍት ነው። ደግሞም በሩ ሊሰፋ ይችላል፤ በመጋቢት 2020 ፓርላማው በኮቪድ ምክንያት ይህንኑ ቅድሚያ ገንዘብ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አድርጎታል። ምክር ቤቱ አስቦበት ያደረገው ቢሆንም፣ ያን ያህል ገንዘብ ከመሻር ሥልጣኑ ውጭ ማድረጉ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ቁጥጥሩን የሚያላላው ብዙ ጊዜ አስፈጻሚው ብቻ ሳይሆን ራሱ ፓርላማው ነው።

ሴኔቱ ይህን የተረዳ ይመስላል። ሰኔ 16 ቀን 2021 ባሳለፈው ውሳኔ ልዩ ሁኔታ ካላስገደደ በቀር የውክልና ሕግ ሁሉ ሊሻር የሚችል መሆን አለበት ብሏል።

ተረት 6፦ «ደንብ የሚመረምር ኮሚቴ የተቃዋሚዎች መሣሪያ ነው»

እውነታው፦ ሥራው ፖሊሲን መደገፍም መቃወምም አይደለም፤ ሥልጣንን መለካት ነው።

የአውስትራሊያ ሴኔት ደንቦችን የሚመረምር ቋሚ ኮሚቴ ያቋቋመው በ1932 ነው፤ በ2019 መጨረሻ ላይ ስሙ ተቀይሮ የውክልና ሕግ መርማሪ ቋሚ ኮሚቴ ተባለ። ስድስት አባላት አሉት፤ ግማሹ ከመንግሥት ወገን፣ ግማሹ ከሌላው ወገን ነው። ሰብሳቢውም ከመንግሥት ወገን ነው። ኮሚቴው «ይህ ፕሮግራም ለአገር ይጠቅማል?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄዎቹ ሌላ ናቸው፦ ደንቡ አዋጁ ከሰጠው ሥልጣን አልፏል? የሰውን መብት ያለ አግባብ ይነካል? ሚኒስትሩ የሚሰጠው ውሳኔ ይግባኝ አለው? ጉዳዩ በደንብ ሳይሆን በአዋጅ መውጣት የነበረበት ነው?

በአንቀጽ 32ቢ ዝርዝር ላይ አዲስ ፕሮግራም ሲገባ ኮሚቴው ማብራሪያ ሰነዱን ይመረምራል፤ የሕገ መንግሥት መሠረቱ ካልተገለጸ ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መልሱ ካላጠገበው ሴኔቱ እንዲያውቅ ያደርጋል። ገንዘብ የሚያወጡ ደንቦችንም ለይቶ ለሚመለከታቸው የሴኔት ኮሚቴዎች ያሳውቃል፤ እነሱም ባለሥልጣናትን በበጀት ስብሰባዎች ፊት ለፊት እንዲጠይቁበት። ከራሱ ፓርቲ መንግሥት ጋር የሚጻጻፍ ሰብሳቢ ማየት ለኛ አገር የፖለቲካ ልማድ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን ተወካይ ለመራጩ ታማኝ ሲሆን የሚሠራው ይኼንኑ ነው።

ተረት 7፦ «ኦዲተር ስላለ ስጋት የለም»

እውነታው፦ ኦዲተር የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ጥር 2020 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት ለስፖርት ማዘውተሪያዎች በተሰጠ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጎማ ላይ ሪፖርት አወጣ። ድጎማው የተከፋፈለው በወጣው መስፈርትና በባለሙያዎች ነጥብ እንዳልነበረ፣ ሚኒስትሯ ለማጽደቅ የተጠቀሙበት ሕጋዊ ሥልጣንም ግልጽ እንዳልሆነ አመለከተ። ሚኒስትሯ ብሪጅት ማኬንዚ በየካቲት መጀመሪያ ከሚኒስትርነታቸው ለቀቁ። ሪፖርቱ የሠራው ሥራ ትልቅ ነው። ገንዘቡ ግን ተከፋፍሎ አልቆ ነበር፤ በነጥባቸው ይገባቸው የነበሩና የተዘለሉ የመንደር ክለቦች ያጡት ዕድል በሪፖርት አልተመለሰላቸውም።

ኦዲት «ምን ተደረገ?» ብሎ ይጠይቃል። የደንብ ምርመራ «ይህን ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ቀድሞ ይጠይቃል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ተረት 8፦ «ይህ የበለጸጉ አገሮች ቅንጦት ነው፤ እኛን አይመለከትም»

እውነታው፦ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይህንኑ ጥያቄ በራሱ ቃላት አስፍሮታል።

አንቀጽ 55 የፌዴራል በጀት የማጽደቅን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። አንቀጽ 77 በጀቱን የሚያዘጋጀውና ሲጸድቅ የሚያስፈጽመው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው ይላል፤ ደንብ የማውጣት ሥልጣኑም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን ልክ ብቻ መሆኑን ያክላል። አንቀጽ 76 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚወስነው ሁሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ነው ይላል። አንቀጽ 101 የፌዴራል ዋና ኦዲተርን አቁሞ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ አዝዟል። አጥሩ በወረቀት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው።

ገንዘብ በደንብ መንቀሳቀሱም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1984 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25 መሠረት ድርጅቶች ሲቋቋሙ የኖሩት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው፤ ለድርጅቱ የተፈቀደው ካፒታል ይሰፍር የነበረውም በዚያው ደንብ ላይ ነው። ይህ ካፒታል የሕዝብ ሀብት ነው። ስለዚህ ደንቡን ማንበብ የሕግ ባለሙያ ሥራ ብቻ ሊሆን አይገባም።

የመመሪያን ነገር በተመለከተ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ትልቅ እርምጃ ነው። መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ፣ እንዲያስመዘግቡና በድረ ገጽ እንዲለጥፉ ያስገድዳል፤ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም፤ ዜጋም በፍርድ ቤት እንዲከለስለት መጠየቅ ይችላል። አዋጁ የሚያተኩረው ግን በመመሪያ ላይ ነው፤ ቁጥጥሩም በዋናነት በሕዝብ አስተያየት፣ በምዝገባና በፍርድ ቤት በኩል የሚሄድ ነው። ደንብና መመሪያ ምክር ቤቱ ፊት በተወሰነ ቀን ቀርቦ፣ አንድ አባል ተነሥቶ ይሻር ብሎ ማስታወቂያ የሚያስገባበትና ምክር ቤቱ መልስ ለመስጠት የሚገደድበት በር ሊኖረን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን በበጎ መጠቀስ አለበት። የ2017 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አስፈለገ። ጭማሪው ከመጀመሪያው በጀት ግማሽ በላይ ነው። ገንዘቡ በሚኒስትር ውሳኔ ብቻ አልተጨመረም፤ በኅዳር ወር ለምክር ቤቱ ቀርቦ ጸደቀ። መንገዱ ትክክለኛው መንገድ ነው። ቀሪው የአባላቱ ፈንታ ነው፤ እያንዳንዱ ቢሊዮን በየትኛው ደንብና መመሪያ እንደሚከፋፈል እስኪያውቁ ድረስ መጠየቅ።

አንባቢው ምን ማድረግ ይችላል?

መንግሥት «ለዚህ ፕሮግራም ይህን ያህል መደብን» ሲል በሰማህ ቁጥር አራት ጥያቄ አንሣ። አንደኛ፣ ወጪውን የፈቀደው የትኛው ሕግ ነው፤ አዋጅ ነው፣ ደንብ ነው ወይስ መመሪያ? ሁለተኛ፣ ያ ሰነድ ታትሟል፣ ማንም ሊያገኘው ይችላል? ሦስተኛ፣ የተመረጠው ምክር ቤት ሊሽረው ይችላል ወይስ ከመሻር ነጻ ተደርጓል? አራተኛ፣ የመሻሪያው ጊዜ መቼ ያበቃል?

በአውስትራሊያ የምትኖር ከሆነ ደንቦቹ ከነማብራሪያቸው በፌዴራሉ የሕግ መዝገብ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ የሴኔት የበጀት ጥያቄና መልስም በቀጥታ ይተላለፋል። ለክልልህ ሴናተር የሚጻፍ አንድ ገጽ ደብዳቤ የደንቡን ቁጥርና የመሻሪያውን ቀን ከያዘ ክብደት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆንክ ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት ሲወጣ ማኅበርህ፣ የሙያ ጓደኞችህ፣ የሠፈርህ ሰው አስተያየት እንዲሰጡ አድርግ፤ ተወካይህንም ስለ በጀቱ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስለ ማስፈጸሚያ ደንቡ ጠይቀው።

የአውስትራሊያ ታሪክ የሚያስተምረው ትልቁ ነገር ሕገ መንግሥት፣ ፍርድ ቤትና ኦዲተር ሁሉም እያሉ የሕዝብ ገንዘብ ከተወካዮች ዓይን ሊያመልጥ እንደሚችል ነው። የሚያመልጠውም ተወካዮቹ ራሳቸው ሥልጣኑን ሰጥተው ለመከታተል ሲታክቱ ነው። በጀት ማጽደቅ የዓመቱ ሥራ መጀመሪያ ነው። ለሚኒስትር የሰጠውን ሥልጣን መልሶ መውሰድ የማይችል ምክር ቤት፣ ወይም እየቻለ የማያነብ ምክር ቤት፣ የሕዝብን ገንዘብ ጠብቄአለሁ ሊል አይችልም። መራጭም ይህን የመጠየቅ መብት አለው፤ ግዴታም አለበት።